ተራኪው የት ገባ?
የጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» ከመጽሐፍ ወደ መድረክ ያደረገው ጉዞ

ባለፈው ሴሚስተር መዝጊያ ላይ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ከኒኮላይ ጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» ሁለት ትዕይንቶች ቀንጭበን በአንዲት የመማሪያ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቻችን ማሳየታችን ይታወሳል። ዝግጅቱ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከዶርም የመጣ አንድ ብርድ ልብስ፤ በቃ። ያም ሆኖ ሶባኬቪች የተባለው ባላባት በሞቱ ገባሮቹ ዋጋ ሲከራከር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሳቁን ስንሰማ «ተሳካ!» ተባባልን። ተመልካቹ ከወጣ በኋላ ግን መጽሐፉን ደጋግሞ ያነበበ አንድ ጓደኛችን ወደ ኋላ ቀረና፣ «መቼም አስቃችሁናል፤ ግን ያ የሚነግረን ሰውዬ የት ገባ?» አለን።

እርስ በርሳችን ተያየን። እውነቱን ነበር። ባላባቱን አምጥተናል፤ ገዢውን አምጥተናል፤ ክርክሩንም አምጥተናል። ታሪኩን የሚነግረንን፣ እየሳቀ የሚያዝነውን ድምፅ ግን እንደ ትርፍ ዕቃ መጽሐፉ ውስጥ ትተነው መጥተናል። ነገሩ ከንክኖን ከእኛ በፊት ይህን መጽሐፍ ለመድረክ ያበቁ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ስንፈላልግ ከረምን። ያገኘነው ታሪክ ከኛ ከጀማሪዎቹ ስሕተት እጅግ የሰፋ ነው። ትልልቆቹም በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል፤ እንዲያውም አንዱ ደራሲ ለዚሁ ጥያቄ ብሎ ብዙ ተንገላቷል። ስለዚህ ለአንባብያን እናካፍለው አልን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የንግዱ ነገር

መጽሐፉን ላላነበበ ነገሩ እንዲህ ነው። በሩሲያ እስከ 1861 ድረስ ገባሩ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ነበር። ታሪካችን ከሚያውቀው ጭሰኛ የከፋ ነው፤ ባላባቱ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ በመያዣነትም ያስይዘዋል። የባላባት ሀብት የሚለካው በጋሻ ሳይሆን በነፍስ ነው። «እገሌ ሦስት መቶ ነፍስ አለው» ይባላል። የሚቆጠረውም ወንዱ ብቻ ነበር። መንግሥት በየብዙ ዓመቱ ቆጠራ ያካሂድና ባላባቱ በዝርዝሩ ላይ በሰፈረው ነፍስ ልክ ግብር ይከፍላል። በሁለት ቆጠራ መካከል የሞተ ገባር ግን እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ በመዝገብ ላይ ሕያው ነው። ሬሳው አፈር ለብሷል፤ ግብሩ ግን አልሞተም።

ቺቺኮቭ የሚባለው ጮሌ የመጣው በዚህች ቀዳዳ ነው። ከየባላባቱ ቤት እየዞረ የሞቱትን ነፍሶች በርካሽ ይገዛል። ባላባቱ ከግብሩ ይገላገላል። ቺቺኮቭ ደግሞ በወረቀት ላይ የብዙ ነፍስ ጌታ ይሆንና እነዚያን ስሞች ለመንግሥት አበዳሪ ተቋም በመያዣነት ሰጥቶ ገንዘብ ሊበደር ያስባል። በሂሳቡ መሠረት በአንድ ነፍስ 200 ሩብል ያገኛል። ሺህ ሙት ማለት 200 ሺህ ሩብል ማለት ነው! የሚገርመው ግን የቺቺኮቭ ተንኰል ብቻ አይደለም፤ የሻጮቹ አኳኋን ነው እንጂ። ማኒሎቭ ከይሉኝታው ብዛት በነጻ ይሰጠዋል። አሮጊቷ ኮሮቦችካ የሙት ገበያ ዋጋ ስንት እንደሆነ ስላላወቀች እንዳትሞኝ ትሰጋለች። ኖዝድሪዮቭ በዳማ እንጫወትባቸው ይላል፤ ሲጫወትም ያጭበረብራል። ሶባኬቪች በአንድ ነፍስ 100 ሩብል ብሎ ጀምሮ ስለ ሟቾቹ ሙያ እያወደሰ፣ እየተከራከረ ሁለት ሩብል ተኩል ላይ ይስማማል። ይባስ ብሎ በወንዶቹ ዝርዝር ውስጥ አንዲት ሴት ሸጉጦ ይሸጥለታል። የሰው ልጅ በገበያ ላይ ሲወጣ ሕያውና ሙት መለየት እንደሚያቅት ከዚህ በላይ ማሳያ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ይኽን የሚያነብ ሰው «ይኼማ የተዘጋጀ ተውኔት ነው!» ቢል አይፈረድበትም። ውይይቱ ለተዋናይ የተጻፈ ይመስላል። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው።

ድምፁ የተቀመጠበት ቦታ

«የሞቱ ነፍሳት»ን ትልቅ ያሰኘው የባላባቶቹ አስቂኝነት ብቻ አይደለም። ጎጎል መጽሐፉን «ልብ ወለድ» አላለውም፤ «ግጥም» ነው ያለው። ይኽን ያለው በከንቱ አይደለም። በታሪኩ መካከል አንድ ተራኪ ይመላለሳል። ያ ተራኪ ያሾፋል፤ ወዲያው ደግሞ ያለቅሳል። ስለ ልጅነቱ ያወራል፤ ስለ መንገድ፣ ስለ አገሩ ስፋት፣ ስለ ራሱ ስለ ደራሲው ዕጣ ይናገራል። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

ስስታሙ ፕሉሽኪን መድረክ ላይ ሲወጣ የምናየው ቡትቶ የለበሰ፣ ከመንገድ ላይ የዛገ ቁራጭ የሚለቅም ሽማግሌ ነው። እንስቃለን። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ተራኪው ገና ወደ ግቢው ሳንደርስ ስለ ራሱ ወጣትነት፣ ያኔ ስለ ሁሉም ነገር ስለነበረው ጉጉት፣ ዛሬ ግን ያ ጉጉት እንዴት እንደበረደ ይነግረናል። ቀጥሎም ፕሉሽኪን አንድ ዘመን ጥሩ ባለትዳር፣ ጎረቤት ሊማርበት የሚመጣ ብልህ አስተዳዳሪ እንደነበረ ይተርክልናል። ሚስቱ ሞተች፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ተለዩት፤ ልቡ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ደረቀ። ይኽን ሰምቶ የሳቀ አንባቢ ሳቁ መሐል ላይ ይቋረጥበታል፤ «እኔስ?» ይላል። የተራኪውን ቃል አውጥታችሁ ፕሉሽኪንን ብቻ ብታቀርቡት ግን የቀረው «ስስታም ሰውዬ» ነው። ስስታም ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ እኛን አይመለከተንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። ቺቺኮቭ ንግዱን ጨርሶ የገዛቸውን ሙታን ስም ዝርዝር ብቻውን ሆኖ ያነባል። እያነበበ ሳለ ስሞቹ ነፍስ ይዘራሉ። አናጢው ስቴፓን ምናልባት ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወድቆ ይሆናል የሞተው፤ አጠገቡ የነበረው ሌላ ሠራተኛ ራሱን አከክ አከክ አድርጎ ገመዱን ታጥቆ በቦታው ሳይወጣ አይቀርም። ጫማ ሰፊው ማክሲም ተሎ ልበልጽግ ብሎ የበሰበሰ ቆዳ ገዝቶ፣ ከስሮ፣ በመጠጥ አልቆ ይሆናል። ሌላው ጠፍቶ በቮልጋ ወንዝ ላይ ጀልባ ይጎትት ይሆናል። በመጽሐፉ ውስጥ ሠርተው የሚያድሩ፣ ወዝ ያላቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ እነርሱም ሞተዋል። በሕይወት ያሉት ባላባቶችና ሹማምንት ደግሞ ከሬሳ የማይሻሉ ናቸው። የርዕሱ ወርቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። ታዲያ በመድረክ ላይ ይኽ ምንድን ነው? አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ያነባል። «ድርጊት የለውም» ተብሎ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው ነው። እኛም ቆርጠነዋል!

1842፦ ቀለሙ ሳይደርቅ

መጽሐፉ ገና ከጅምሩ ፈተና ነበረበት። የሞስኮ ሳንሱር ክፍል ርዕሱን ሲሰማ «ነፍስ አትሞትም፤ እንዴት የሞቱ ነፍሳት ይባላል?» የሚል ተቃውሞ አነሣ። በመጨረሻ መጽሐፉ በግንቦት 1842 ሲታተም «የቺቺኮቭ ጀብዱ ወይም የሞቱ ነፍሳት» ተብሎ ነው የወጣው። በጦርነት እጅና እግሩን አጥቶ ጡረታ ሲለምን በየቢሮው ስለሚንገላታው ስለ ሻምበል ኮፔይኪን የሚናገረውም ክፍል በሳንሱር ምክንያት ተለዝቦ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በፒተርስበርግ አሌክሳንድሪንስኪ ቴአትር ከመጽሐፉ የተቀነጨቡ «አስቂኝ ትዕይንቶች» ለሕዝብ ቀረቡ። ደራሲው በውጭ አገር ነበር፤ ፈቃዱን የጠየቀው የለም፤ ሲሰማም ተቆጥቷል። ልብ በሉ፤ ያኔ ቴአትሩ የወሰደው አስቂኝ ውይይቶቹን ነው። ተራኪውን አልወሰደም። ለምን ይውሰድ? ገበያው የፈለገው ሳቅ ነው። ሳንሱሩ በመቀስ የቆረጠውን ያህል ገበያውም ቆርጧል። ከዚያ ወዲህም የመጽሐፉ የመድረክ ታሪክ ለረጅም ዘመን በዚሁ ጎዳና ሄዷል፤ ትዕይንት ቀንጭብ፣ ለጥሩ ኮሜዲያን ስጥ፣ ተመልካቹን አስቅ።

ድምፁን የተነጠቀ ደራሲ

ወደ 1930 እንሻገር። ሚካኤል ቡልጋኮቭ ጎጎልን እንደ መምህሩ የሚያይ ደራሲ ነበር። ገና በ1922 ቺቺኮቭ በአብዮቱ ማግስት ሞስኮ ገብቶ እንደ ቀድሞው ሲያጭበረብር የሚያሳይ አጭር የስላቅ ታሪክ ጽፏል። በ1929 ግን ተውኔቶቹ ሁሉ ከመድረክ ወረዱ፤ የሚያሳትምለትም ጠፋ። በመጋቢት 1930 ለሶቪየት መንግሥት በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሥራዎቹ ከወጡ 301 ሂሶች ውስጥ 298ቱ የጥላቻ እንደነበሩ ቆጥሮ አሳወቀ። ወይ ከአገር ልውጣ፤ ወይ በቴአትር ቤት በአዘጋጅነት፣ ያም ካልሆነ በተራ ተዋናይነት፣ ያም ካልሆነ በመድረክ ሠራተኛነት ልቀጠር ሲል ጠየቀ። በሚያዝያ 18 ቀን ስታሊን ራሱ ስልክ ደወለለት። ብዙም ሳይቆይ ቡልጋኮቭ በሞስኮ አርት ቴአትር በረዳት አዘጋጅነት ተቀጠረ። ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱም «የሞቱ ነፍሳት»ን ለመድረክ ማዘጋጀት ሆነ።

እስቲ ነገሩን አስቡት። የራሱን ቃል እንዳይናገር የተከለከለ ሰው፣ የሌላውን ደራሲ ቃል ለመድረክ እንዲያሰናዳ ታዘዘ። ቡልጋኮቭ መጽሐፉን በሚገባ ስለሚያውቅ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ «የሞቱ ነፍሳት» ለመድረክ ሊበቃ እንደማይችል በግልጽ ተናግሯል። ቢሆንም መውጫ አበጀ። የመውጫው ስም «ቀዳማዊው ሰው» ነበር። ይኸ ሰው ጎጎል ነው አይባልም፤ አይደለም ማለትም አይቻልም። ጎጎል የመጽሐፉን ትልቁን ክፍል የጻፈው ሮም ተቀምጦ ነበርና ቡልጋኮቭም ያ ሰው በሮም ሰማይ ሥር ሆኖ ሩቅ አገሩን እየተመለከተ ታሪኩን እንዲነግረን አሰበ። ተመልካቹ ያንን የቺቺኮቭ መንገድ ከሩቁ፣ ከነናፍቆቱና ከነምሬቱ እንዲያይ ነው ሐሳቡ።

የሮሙ ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። ሮም ስትቀር ቀዳማዊው ሰው ለጊዜው ተረፈ፤ በየትዕይንቱ መካከል እየገባ እንዲናገር ተደረገ። በልምምዱ ሂደት ግን ቃሉ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደና በመጨረሻ እርሱም ወጣ። ቡልጋኮቭ በፊት የጎጎልን ቃላት ከተለያዩ ገጾች ለቅሞ ለዚህ ሰው አፍ በጥንቃቄ ሰክቶለት ነበር። ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ።

የስታኒስላቭስኪ መልስ

እዚህ ላይ «አፋኙ ማን ነው?» ብሎ ጣት መቀሰር ይቀላል። ነገሩ ግን እንዲያ በአጭሩ የሚቋጭ አይደለም። ተራኪው የወጣው በሳንሱር ትእዛዝ አልነበረም፤ በስታኒስላቭስኪ የኪነ ጥበብ እምነት ነው።

ዝግጅቱን የጀመረው ሳክኖቭስኪ ነበር፤ የመድረኩን ሥዕል ዲሚትሪየቭ የጎጎልን ዓለም እንደ ቅዠት አድርጎ ነድፎት ነበር። ስታኒስላቭስኪ ሲገባበት ይኽ ሁሉ ተቀየረ። ቅዠቱ ወጣ፤ በምትኩ የሲሞቭ ረጋ ያለ፣ ዓይን የሚያምነው ንድፍ ገባ። ስታኒስላቭስኪ የሚለው ምንድን ነው? ተመልካቹን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተዋናዩ በእውነት ከኖረው ተመልካቹ ራሱ ያየዋል ነው የሚለው። ቺቺኮቭን የሚጫወተውን ቶፖርኮቭን «ጎጎልን ተጫወት» አላለውም። አንተ ብትሆን ከዚህ ሰውዬ ላይ ይኽን ዕቃ እንዴት አድርገህ ትገዛዋለህ? እያለ ንግዱን ራሱን፣ ማባበሉን፣ መፍራቱን፣ መደራደሩን እንዲለማመድ አደረገው። ቶፖርኮቭ በኋላ ስለነዚያ ልምምዶች የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም የቴአትር ተማሪዎች መማሪያ ነው።

ውጤቱ በኅዳር 28 ቀን 1932 ታየ። ሞስክቪን ኖዝድሪዮቭን፣ ሊዮኒዶቭ ፕሉሽኪንን፣ ታርካኖቭ ሶባኬቪችን፣ ኬድሮቭ ማኒሎቭን ሆነው ተጫወቱ። ትወናው የሚደነቅ ነበር። ዝግጅቱም ለአሥርት ዓመታት ከመድረክ ሳይወርድ ቆየ፤ በ1960 ለፊልም በቃ። እንግዲህ ይኽን «ውድቀት» ማለት አይቻልም።

ሁሉም ግን አላጨበጨበም። ባለቅኔው አንድሬይ ቤሊ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝግጅቱን በጽኑ ነቀፈ። ጎጎልን አልተረዳችሁትም፤ ባላባቶቹን አስቀምጣችሁ የደራሲውን ዜማ ጣላችሁት ነው የነቀፌታው ፍሬ ነገር። እኛም ሁለቱን ስናነጻጽር የሚከነክነን አንድ ነገር አለ። ይኸው የሞስኮ አርት ቴአትር በ1930 መጀመሪያ ላይ፣ በኔሚሮቪች ዳንቼንኮ አዘጋጅነት፣ የቶልስቶይን «ትንሣኤ» ሲያቀርብ ታላቁ ተዋናይ ካቻሎቭ «የደራሲው ድምፅ» ሆኖ በገጸ ባሕርያቱ መካከል እየተመላለሰ ሲናገር አድርጎ ነበር፤ ተመልካቹም ተቀብሎታል። ስለዚህ «ተራኪ መድረክ ላይ አይሆንም» የሚለው ክርክር በዚያው ቤት ውስጥ አስቀድሞ ተፈትኖ ወድቋል ማለት ነው። ቶልስቶይ የተሰጠውን ጎጎል ለምን ተነፈገ?

በእኛ አስተያየት አንድ ልዩነት አለ። የቶልስቶይ ድምፅ ይፈርዳል፤ ወንጀለኛውን ለይቶ ያሳያል፤ ወንጀለኛውም የወደቀው ሥርዓት ነው። የጎጎል ድምፅ ግን መጀመሪያ ያስቅህና ቆይቶ ወዳንተ ይዞራል። ባላባቱ በ1932 ቀርቷል፤ በባላባት መሳቅ ማንንም አያስከፋም። በየመዝገቡ ላይ ያለውን ስምና በምድር ላይ ያለውን ሰው የማይለየው ቢሮ ግን ቀርቷል ወይ? ይኽን የሚጠይቀው ተራኪው ብቻ ነው። ሆን ተብሎ ነው የወጣው አላልንም። ሲወጣ ግን ጥያቄውን ይዞት ወጣ፤ ሳቁ ለሁሉም የሚመች ሆኖ ቀረ።

ቡልጋኮቭም ዝም ብሎ አልቀረም። በ1936 እና በ1937 ያገለገለበትን ቴአትር ቤት እየነካካ የሚያሾፍ ልብ ወለድ ጀመረ። ሳይጨርሰው በ1940 ሞተ፤ መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው በ1965 ነው። በዚያም ልብ ወለድ ውስጥ የሚናገረው ማን መሰላችሁ? ተራኪ ነው። ከመድረክ የተባረረው ድምፅ ተመልሶ መጽሐፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ወንበሩን ለሌላ የሰጡ

ከዚያ በኋላ የመጡት አዘጋጆች የተራኪውን ባዶ ወንበር ምን እናድርገው በሚለው ላይ የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል።

በፈረንሳይ በ1960 አርቱር አዳሞቭ «የሞቱ ነፍሳት»ን ለመድረክ ጻፈው፤ ሮዤ ፕላንሾንም በሊዮን አጠገብ በምትገኘው በቪሌርባን የሠራተኞች ከተማ አዘጋጀው። አዳሞቭ ትውልዱ ከሩሲያ ሲሆን በዚያን ጊዜ ወደ ፖለቲካ ቴአትር ያዘነበለ ጸሐፊ ነበር። የንግዱን አሠራር፣ ማለትም ሙት እንዴት ካፒታል እንደሚሆን፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ ማሳየት የራሱ የሆነ ጉልበት አለው።

ትልቁ መልስ የመጣው ከሙዚቃው በኩል ይመስለናል። የሮዲዮን ሽቸድሪን ኦፔራ በሰኔ 7 ቀን 1977 በቦልሾይ ቴአትር ቀረበ፤ አዘጋጁ ፖክሮቭስኪ፣ የሙዚቃ መሪው ቴሚርካኖቭ ነበሩ። ሽቸድሪን ከኦርኬስትራው ውስጥ ቫዮሊኖቹን አወጣ። የኦርኬስትራ ነፍስ ቫዮሊን ነው ሲባል እንሰማለን፤ እርሱ ግን አወጣቸውና በቦታቸው ትንሽ የዘማሪ ቡድን አስቀመጠ። ባላባቶቹ በኦፔራ ስልት ይዘፍናሉ፤ ያጌጡ፣ የተጋነኑ፣ የሚያስቁ። ከነርሱ በላይ ደግሞ የመንገዱና የገበሬው ዘፈን በሕዝብ ድምፅ ይፈሳል፤ ረጅም፣ ሐዘንተኛ፣ ከባላባቶቹ ጋር የማይነጋገር። ሁለቱ ዓለማት በአንድ መድረክ ላይ ሆነው አይገናኙም። ተራኪው የለም፤ የተራኪው ሐዘን ግን አለ። ወንበሩ በመዝገብ ላይ ለሰፈሩት ሙታን ወገኖች ተሰጠ። ለኛ ይኽ ብልህ መፍትሔ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ1978 ዩሪ ሊዩቢሞቭ በታጋንካ ቴአትር ከ«የሞቱ ነፍሳት»ና ከሌሎች የጎጎል ሥራዎች አሰባጥሮ አንድ ዝግጅት አቀረበ። ሙዚቃው የአልፍሬድ ሽኒትኬ ነበር። የዝግጅቱ ስም ራሱ ነገር አለው። በዚያ ዘመን የገባሮቹ ስም የሚሰፍርበት የቆጠራ ዝርዝር በሩሲያኛ የሚጠራበት ቃል «ተረት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። የመንግሥት መዝገብና ተረት፣ አንድ ስም! ሊዩቢሞቭ ያንን ለርዕስ ወሰደው። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አንፈልግም።

ወደኛ ዘመን ስንመጣ በ2014 ኪሪል ሴሬብሬኒኮቭ በሞስኮ ጎጎል ሴንተር «የሞቱ ነፍሳት»ን በወንዶች ብቻ አዘጋጀ። ሴቶቹንም፣ ውሾቹንም፣ ልጆቹንም የሚጫወቱት እነዚያው ወንዶች ናቸው፤ በመካከሉ ማኖትስኮቭ ባቀናበራቸው ዜማዎች የጎጎልን የተራኪ ቃል ይዘምራሉ። ባላባት የነበረው ተዋናይ ከትዕይንቱ ይወጣና ዘማሪ ሆኖ ያዝናል። አሣቂውና አልቃሹ አንድ ሰው ሆነ። ያ ቴአትር ቤት በ2022 ተዘጋ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማር?

ይኽን ሁሉ የዘረዘርነው ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። በኛም መካከል ልብ ወለድ አንሥቶ ወደ መድረክ የማምጣት ፍላጎት እየጨመረ ነው፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ስላቅ ያለበትን መጽሐፍ ስናነሣ ግን እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደሚያስቀው ውይይት ነው። ተመልካች ሲስቅ እንወዳለን፤ መሳቁንም የመግባባት ምልክት አድርገን እንቆጥረዋለን። የጓደኛችን ጥያቄ ያስተማረን ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ማጣራት እንዳለብን ነው። እኛ ባሳየነው ትዕይንት ተመልካቹ በሶባኬቪች ሳቀ፤ ከዚያም ሶባኬቪችን እዚያው ክፍል ውስጥ ትቶት እራቱን ሊበላ ሄደ። መጽሐፉ ግን እንዲያ አይለቅም፤ ተከትሎ ዶርም ድረስ ይመጣል።

ከታሪኩ ሁለት ነገር አጥርተናል። አንደኛ፣ ድምፁ የሚወጣው በክልከላ ብቻ አይደለም። በ1842 በገበያ ወጣ፤ በ1932 በኪነ ጥበብ እምነት ወጣ፤ በኛ መማሪያ ክፍል ደግሞ በስንፍና ወጣ። የተከለከለን ነገር ሰው ያስታውሰዋል፤ በፈቃዱ የጣለውን ግን አይፈልገውም። ሁለተኛ፣ ድምፁን ለመመለስ የግድ አንድ ጢማም ሰውዬ መድረክ ዳር አቁሞ ማስነበብ አያስፈልግም። ሽቸድሪን በዘማሪ መለሰው፤ ሴሬብሬኒኮቭ በዜማ መለሰው፤ ቡልጋኮቭ ቢፈቀድለት ኖሮ በሮም ሰማይ ይመልሰው ነበር።

እኛስ? መጪው ሴሚስተር ላይ ያንኑ ትዕይንት እንደገና ለመሞከር ተስማምተናል። በዚህኛው ዙር የሚጀምረው በሶባኬቪች አይደለም፤ በስም ዝርዝሩ ነው። ክፍሉ ጨለም ይላል። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ከተመልካቹ መካከል የተቀመጡ ልጆች ስማቸው ሲጠራ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ አናጢው፣ ጫማ ሰፊው፣ ጀልባ ጎታቹ። ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛም አግኝተናል። አዝማሪ ጌታውን ፊት ለፊት እያወደሰ ከጀርባ የሚወጋበትን ጥበብ ያውቃልና የጎጎልን ተራኪ ከማንም ይልቅ የሚረዳው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሶባኬቪች ይግባና ዋጋውን ይጥራ። የቆሙት እንደቆሙ ይቆያሉ፤ እርሱ በነርሱ መካከል እየተዘዋወረ ይከራከራል።

ተመልካቹ ያኔም ይስቅ ይሆናል። እንዲስቅም እንፈልጋለን። ብቻ አጠገቡ የቆመውን ሰው እያየ ይሳቅ።

ያ ጓደኛችንም ይምጣና ይፍረደን፤ የፊት ወንበር ይዘንለታል።